ለፕሮፌሰሯ የተላኩ ሽማግሌዎች

ዶክተር የሆነ ሰው ሁሉ ደጅ ጠኚ ነው። አትቆጡኝ፤ ራሴም ዶክተር ስለሆንኩ ነው የምናገረው። ሐኪሞቹን አይመለከትም፣ እነሱን ደጅ የምንጠናቸው እኛ ነን። የምላችሁ እንደኔ በሳይንስና በምህንድስና ዶክትሬት ይዞ፣ ካባ ለብሶ ፎቶ ተነሥቶ፣ ፎቶውን ሳሎን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ሲያበቃ በማግስቱ "ስለ እግዚአብሔር አንድ ፕሮፌሰር" ማለት የሚጀምረውን ሕዝብ ነው። ደጅ ጥናትም እኮ ጥናት ነው... እንዲያውም ከዶክትሬቱ የሚረዝመው እሱ ነው።

የተማርኩት ስለ አፈር ነው። ተዳፋት ላይ ያለ አፈር ዝናብ ጠግቦ መቼ ተነቅሎ እንደሚወርድ ነው የምመራመረው። ያደግሁት የካ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ስለሆነ አፈር ሲናድ ለማየት ዩኒቨርሲቲ መግባት አላስፈለገኝም፤ ክረምት ላይ በር መክፈት ይበቃ ነበር። ከጋራው ላይ አፈር በላስቲክ እያሰርኩ ስወርድ የሚያዩኝ የሰፈር ሴቶች ግን እምነት ከጸበል ቤት ይዤ የመጣሁ እየመሰላቸው "እስቲ ለኔም ቆንጥሪልኝ" ይሉኝ ነበር። አንዷማ ግንባሯን ተቀብታው ራስ ምታቴ ተወኝ ብላለች፤ ሳይንስ እስካሁን አላረጋገጠውም። እማዬ ደግሞ ከሰው ስታስተዋውቀኝ "ዶክተር ናት፣ ግን መርፌ አትወጋም" ትላለች። "ግን" የምትለዋን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትላት።

አሁን ፖስትዶክ ምንድን ነው ትሉኛላችሁ። ዶክትሬቱን የጨረሰ ሰው በአንድ ትልቅ ፕሮፌሰር ሥር ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ የሚመራመርበት ሥራ ነው። ማስታወቂያው ሲወጣ "ለሁሉም ክፍት ነው" ይላል፤ ፕሮፌሰሩ ግን ዞሮ ዞሮ ያስተማረውን ልጅ ይወስዳል። ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል። ስለዚህ እኛ መላእክቱ ማስታወቂያ ሳንጠብቅ በቀጥታ ኢሜይል እንጽፋለን። "ሥራዎን ለዓመታት በአድናቆት ስከታተል ቆይቻለሁ" እንላለን፣ ስማቸውን ያገኘነው ትናንት ነው። ከዚያ ዝምታ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ...

ዝምታ ራሱ ዓይነት እንዳለው ያወቅሁት ያኔ ነው። የበጋ ዕረፍት ዝምታ አለ፣ ባጀት የለንም ዝምታ አለ፣ "ኢትዮጵያ የት ነበረች" ዝምታ አለ። አንድ ጊዜ ወዲያው መልስ መጣልኝና ቤቱን በጩኸት ሞላሁት። ለካ ኮምፒውተሩ በራሱ የላከው ነው፤ ፕሮፌሰሩ ከቢሮ ውጭ እንደሆኑ ይገልጻል። ለእማዬ ተረጎምኩላት። "የት እንዳሉ እንኳ ነገሩሽ፤ ጨዋ ሰው ናቸው" አለችኝ።

ሳቁ ሳቁን ነው እንጂ ጨንቆኝ ነበር። ጉርድ ሾላ ያለ አንድ ኮሌጅ ውስጥ በትርፍ ሰዓት አስተምራለሁ፤ ኮንትራቱ ሊያልቅ ነው። ፖስትዶክ ደግሞ እንደ ሙሽርነት ነው፣ ጊዜው ያልፋል። "ከተመረቁ ብዙ ያልቆዩ ብቻ" ይላሉ ማስታወቂያዎቹ፤ እኔ ብዙ ወደ መቆየቱ ተጠግቻለሁ። በዚህ ዓመት ካልሆነ የሠራሁት ሁሉ፣ በዝናብ የማስኩት ጉድጓድ ሁሉ፣ ሳሎን ግድግዳ ላይ ካባ ለብሶ ይቀራል። ይሄን ሳስብ ትራስ ውስጥ አልቅሻለሁ፤ ምን ይደበቃል።

አንድ ቀን አባዬ ነገሩ እንዴት እንደሚፈለግ አስረጂኝ አለኝ። አባዬ ከክፍለ ከተማ በጡረታ የተሰናበተ፣ ነገርን ከሥሩ ካልያዘ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው ነው። ለፕሮፌሰሮች እየጻፍኩ ውሰዱኝ እንደምል ነገርኩት። ሻይውን አስቀመጠ።

"ራስሽ ነሽ የምትጽፊው?"

"አዎ።"

"ለማያውቅሽ ሰው?"

"አዎ።"

"በመሀል ሰው ሳይገባ?"

ሰው እንኳ ይገባል አልኩት። የሚያውቁኝን የሦስት ሰዎች ስም እሰጣለሁ፤ ፕሮፌሰሩ ከፈለገ ይጠይቃቸዋል፣ እነሱም ስለ ፀባዬና ስለ ሥራዬ ይመሰክራሉ። ይኼኔ ፊቱ በራ። "ሦስት ሽማግሌ በይኛ" አለ። እነማንን እንደሰጠሁ ጠየቀኝና ያስተማሩኝን መምህራን ጠራሁለት። ከመቼ ጀምሮ ያውቁሻል አለ። ከማስተርስ ጀምሮ አልኩት። በሐዘን ራሱን ነቀነቀ። "እነዚህማ ትናንት የተዋወቁሽ ናቸው" አለ። "ጋራው ላይ ያለው ቱፋ እኮ ክርስትናሽ ላይ ነበር።"

ከዚያ ዝም አለ። እኔ ደግሞ የፕሮፌሰሮችን ዝምታ ሳጠና ስኖር የአባቴን ዝምታ ሳላጠና ቀርቻለሁ።

ጥቂት ሰነበተና ተአምር ሆነ። በናዳ ጥናት ስማቸው የታወቀ አንዲት የአውሮፓ ፕሮፌሰር ለዐውደ ጥናት አዲስ አበባ እንደሚመጡ ሰምቼ ጽፌላቸው ነበር፤ መለሱልኝ። ሐሙስ ዐሥር ሰዓት ላይ ትንሽ ጊዜ አለኝ፣ መገናኛ አካባቢ ያረፍኩበት ሆቴል ሎቢ ነዪ አሉኝ። በደስታ ቤት ውስጥ ሁለቴ አነበብኩት። አባዬ የሆቴሉን ስም ድገሚልኝ አለኝ። እኔ ሞኟ ደስታዬን ሊያጣጥም ነው ብዬ ነገርኩት።

ሐሙስ ከቤት የወጣሁት በጊዜ ነበር። መገናኛ ግን እንደ ስሙ ሁሉን ያገናኛል፣ ሰውን ከቀጠሮው ጋር ብቻ ነው የማያገናኘው። ታክሲው ሲቆም ወርጄ በእግሬ ሮጥኩ። ጫማዬ ተረከዝ አለው፤ አስፋልቱን ትቼ አፈሩን ማጥናቴ ቆጨኝ። ላቤን እየጠረግሁ ሎቢው ውስጥ ስገባ ያየሁትን ዛሬም ሳስበው ጆሮዬ ይግላል።

ሎቢው መሀል ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል። አንደኛው ጋሽ ቱፋ ናቸው፤ ከሰፈራችን በላይ፣ ጋራው ላይ የሚኖሩ፣ ድሮ ገበሬ የነበሩ፣ አሁን አጣና የሚሸጡ፤ ዱላቸውን ተመርኩዘው፣ ነጭ ጋቢያቸውን አጣፍተው። ሁለተኛው ሐጂ ከድር ናቸው፣ የመንገዳችን ባለሱቅ፣ ከስልጤ የመጡ። ሦስተኛው ጋሽ ደምሴ፣ ዕድሜያቸውን ቱሪስት ሲያመላልሱ የኖሩ ሾፌር፣ የዛሬው አስተርጓሚ። ከፊታቸው አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ፣ የተራራ ጫማ ያደረጉ ሴት ቆመዋል። አስተናጋጁ የሻይ ትሪ ይዞ ቆሟል። ዙሪያውን ያ ሁሉ ሶፋ እያለ አንድም ሰው አልተቀመጠም።

እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። ፕሮፌሰሯ ደግሞ በዚህ አገር ቆሞ ማውራት ወግ መስሏቸው አብረው ቆመዋል። በእኛ ሰፈር ሽማግሌ የሚላከው ወደ ሴት ልጅ ቤት ነው፤ እማዬ አንድ ቀን ይመጣሉ ብላ በሩን ስታይ ኖራለች። ከሴት ልጅ ቤት ሽማግሌ ሲወጣ ግን በየካ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም፤ ያውም ወደ ሴት፣ ያውም ወደ ሆቴል። አንዱ ምሰሶ ጀርባ ገብቼ ተለጠፍኩ። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል ይባላል፤ እኔ ምሰሶ አቀፍኩ።

ጋሽ ቱፋ በኦሮምኛ መረቁ፣ ሐጂ ከድር አሚን አሉ፣ ጋሽ ደምሴ ምርቃቱን ሳይተረጉሙ አለፉት። ከዚያ ጋሽ ቱፋ በአማርኛ ቀጠሉ።

"እኛ ከዚያ ማዶ፣ ከጋራው ሥር የመጣን ሰዎች ነን፤ ከእርስዎ ጋር መዛመድ ፈልገን ነው። አንዲት ልጅ አለችን። ክረምት ሰው ሁሉ ቤቱ ሲገባ ይቺ ልጅ አጣና የምቆርጥበት ተዳፋት ላይ ጉድጓድ እየማሰች ዝናብ ሲወርድባት ትውላለች። ሰው አብዳለች አለ። እኔም ብያለሁ። አንድ ዓመት 'ጋሼ፣ በረትዎን ከዚህ ያንሡ' አለችኝ። ደስ ይበላት ብዬ አነሣሁ። በነሐሴ ጋራው ወረደና በረቱ የነበረበት ላይ ተኛ። ላሞቼ ዛሬም አሉ። እንግዲህ ልጃችን ይቺ ናት።"

ጋሽ ደምሴ ተረጎሙ። እንግሊዝኛቸው ቆንጆ ነው፤ ብቻ ከሙያቸው የቀረ አመል አላቸውና "በቀኝዎ በኩል" ሳይሉ አረፍተ ነገር አይዘጉም። ምሰሶው ጀርባ ሆኜ እንባዬ መጣ። በረቱን አንሡ ማለቴን እንኳ እኔ ረስቼዋለሁ፤ ኢሜይሎቼ ውስጥ አንድም ቦታ ላም አልጻፍኩም።

ፕሮፌሰሯ ስለ ተዳፋቱ ጠየቁ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ፣ መሬቱ ከመውረዱ በፊት ተሰንጥቆ እንደሆነ ጠየቁ። ከዚያ ብዙ የምስክርነት ደብዳቤ እንዳነበቡ፣ ላም ያተረፈ አመልካች ግን ገጥሟቸው እንደማያውቅ ተናገሩ። ሥራዬንም አስቀድመው አይተውታል። እወስዳታለሁ አሉ።

ጋሽ ደምሴ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሩ። "እሺ ብለዋል።"

 በቃ፣ አበቃ፣ ሆነ... እልል ልል አፌን ስከፍት የሽማግሌዎቹን ፊት አየሁ። ሦስቱም ደንግጠዋል። ተያይዘው ፈቀቅ አሉ፤ የፈቀቁት ደግሞ ወደ እኔ ምሰሶ ነው።

"በተጠየቀበት ቀን የሚሰጥ ነገር የት አይታችኋል?" አሉ ጋሽ ቱፋ። "'ዘመድ እናማክር' የታለ? 'ቀን ስጡን' የታለ?"

"ዕድሜዬን ስነግድ ሳይከራከር የሸጠ ሰው ዕቃው ደህና ሆኖ አላየሁም" አሉ ሐጂ ከድር።

ጋሽ ደምሴም ሌላ ጠያቂ የሌላቸው ሴትዮ ሳይሆኑ አይቀሩም አሉ። ተስማሙ። ተመልሰው ሄዱና በጋሽ ደምሴ በኩል ምን ቢሉ ጥሩ ነው? እናመሰግናለን፣ ነገር ግን ከወገኖቻችን ጋር ተመካክረን መልሳችንን እናሳውቃለን! እኔ፣ ኮምፒውተር ብቻ የሚመልስልኝ ሰው፣ ፕሮፌሰር እሺ ብለውኝ እናስብበት ተባለልኝ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይሄ ነው።

ከምሰሶው ጀርባ ዘልዬ ወጣሁ። "ጋሽ ቱፋ፣ በእናትዎ! እኔ ተቀብያለሁ!"

ጋሽ ቱፋ ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም። "አንቺ ልጅ፣ እዚህ የለሽም" አሉኝ።

ጋሽ ደምሴ በእጃቸው እየጠቆሙ ለፕሮፌሰሯ በእንግሊዝኛ አስረዱ፤ በቀኝዎ በኩል ልጅቷ ትታያለች።

ፕሮፌሰሯ ከእግር እስከ ራስ አዩኝ። ላብ አጥምቆኛል፣ አንዱ ተረከዜ ጎብጧል። እሳቸው ግን ያዩኝ እንደ ተፈላጊ ሰው ነው። ዕድሜ ልካቸውን ሲለመኑ የኖሩ ሴት "እናስብበት" ሲባሉ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ ወይ ብለው ጠየቁ። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት ሐጂ ከድር ቀደሙኝ። ሐጂ ደግሞ አይዋሹም።

"ልጃችን ብዙ ቦታ ተጻጽፋለች" አሉ።

ግማሹ እንኳ እውነት ነው፤ ጽፌያለሁ። ፕሮፌሰሯ አሰቡ፣ አሰቡና ጨመሩ። በየክረምቱ ከነመሣሪያዋ ወደ እንጦጦ ተመልሳ ትመራመራለች፣ የምትሠራበትም ተዳፋት ይኸው የጋሽ ቱፋ ይሆናል አሉ። ሐጂ ከድር በዓይናቸው ጠቀሱኝ። ሳይከራከሩ መግዛትም መሸጥም ነውር ነው ማለታቸው ነው።

ጋሽ ቱፋ ግን ገና አልጨረሱም። ለመሆኑ ወገንዎ ማን ይባላል ብለው ጠየቁ። ፕሮፌሰሯ የአባታቸውን፣ የአያታቸውን፣ የቅድመ አያታቸውን ስም ጠሩና ቆሙ። ጋሽ ቱፋ እስከ ሰባት ቤት ካልተቆጠረ መዛመድ እንደማይቻል አስረዱና የራሳቸውን ያለ ትንፋሽ ወረዱት። ሴትዮዋ ሳቁ፣ እህቴን በስልክ ጠይቄ ቅዳሜ ከመብረሬ በፊት አመጣለሁ፣ ተዳፋቱንም ላየው እፈልጋለሁ አሉ። ሻይው ቀዝቅዞ ተመለሰ።

ያን ሁለት ቀን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ሽማግሌዎቹ እኛ ቤት ተሰብስበው መከሩብኝ፤ እኔ እንደ ወጉ ጓዳ እንድቆይ ተደረግሁ። የሙግታቸው ቃና በግድግዳው ይሰማኛል። ሴትዮዋ ጫማቸው ጭቃ ያውቃል፣ ሰው ናቸው አሉ ጋሽ ቱፋ። እማዬ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፣ እዚያ በረዶ ውስጥ ማን ያበላታል የሚል። 

ቅዳሜ ፕሮፌሰሯ መጡ። በባሕር ዛፉ መሀል ጋሽ ቱፋን ተከትለው ወጡ፣ እኔ እያለከለክሁ ከኋላ። ጋራው የተኛበትን ቦታ አዩ፣ አፈሩን በጣታቸው ፈተጉ፣ አሸተቱ። ጋሽ ቱፋ ላሞቹንም አስተዋወቋቸው። ከዚያ ፕሮፌሰሯ በጋሽ ቱፋ ግቢ ውስጥ ቆመው ሰባት ስም አንድ በአንድ ጠሩ፤ እህታቸው አድራ ስትፈልግ ነው ያገኘችው። ጋሽ ቱፋ ዓይናቸውን ጨፍነው ከራሳቸው ጋር አመሳከሩ፣ ቀጥለው ከአባዬ ጋር አመሳከሩ።

"ዝምድና የለንም፤ ይቻላል" አሉ። "ሰጥተናል።"

ልንለምን ሄደን ሰጪ ሆነን አረፍነው። ሦስቱም ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከሐሙስ ጀምሮ የቆሙ ነው የሚመስሉት። እማዬ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ስንት ዓመት ያቆየችው ነውና ጋራው እንዳይወርድ ፈራሁ። ጎረቤቱ ግር ብሎ መጣ፣ ሙሽራው ማነው ይላል። "ዩኒቨርሲቲ ነው" አለች እማዬ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ። አባዬን ቀና ብዬ ሳየው ፊቱን ወደ ባሕር ዛፉ አዞረ፤ እኔም አላየሁም ብዬ ተውኩት።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ምግቡ ቀረበ፣ ተበላ። ፕሮፌሰሯ ደስ ብሏቸው ኮንትራቱ የሁለት ዓመት መሆኑን አነሡ። ጋሽ ደምሴ ተረጎሙ።

ጋሽ ቱፋ ብርጭቆውን አስቀመጡ። "ከሁለት ዓመት በኋላስ?" አሉኝ። አሁን የለሽም አልተባልኩም።

"ያልቃል፣ ጋሼ።"

"ካለቀ በኋላስ?"

"ሌላ ፖስትዶክ እፈልጋለሁ።"

ሐጂ ከድር ጣልቃ ገቡ። "ትፈታለች ማለት ነው? ያለ ጥፋቷ?"

"ያለ ጥፋቴ።"

ጋሽ ደምሴ ጥያቄውን ለፕሮፌሰሯ አደረሱ። ፕሮፌሰሯ በሳይንስ ዓለም ሁሉም እንዲህ እንደሆነ፣ እሳቸውም በወጣትነታቸው ከአገር አገር ሲዞሩ እንደኖሩ አስረዱ። ጋሽ ደምሴ ተረጎሙ። ሲተረጎም ባሰ። ጋሽ ቱፋ ዱላቸውን ፈልገው ተነሡ። ሐጂ ከድር ተነሡ። ጋሽ ደምሴም ተነሡ። ፕሮፌሰሯ አንዴ ሽማግሌዎቹን፣ አንዴ የያዙትን ጉርሻ አዩና... ወጉን ለምደዋል፣ እሳቸውም ተነሡ።

"የሰጠነውን አንነሣም" አሉ ጋሽ ቱፋ። "ነገር ግን ያጋባ ሽማግሌ ዋስ ነው። ሁለት ዓመቱ ሲሞላ እኛው ራሳችን እርስዎ ዘንድ እንመጣለን።"

ሁሉም ሳቀ። ፕሮፌሰሯም ስቀው፣ ተመርቀው፣ ወደ አውሮፕላናቸው ሄዱ። እኔም ይኸው ከመጣሁ ወራት አለፉ፤ ይሄንንም የምጽፍላችሁ ከቢሮዬ ሆኜ፣ ከኮሪደሩ ማዶ የፕሮፌሰሯን በር እያየሁ ነው። ትናንት እማዬ ደውላ ነበር። ጋሽ ቱፋ ፓስፖርት አውጥተዋል አለችኝ። ሐጂ ከድር ለስግደት የሚዞሩበት ቂብላ እዚህ በየት በኩል እንደሆነ ጠይቂያት ብለዋል። ጋሽ ደምሴ ካርታ ገዝተው በቀኝ በኩል የሚታየውን ከወዲሁ እያጠኑ ነው።

ስለዚህ ፕሮፌሰር ሆይ፣ ቋሚ የሚባል ቦታ ካለ ከወዲሁ ቢፈልጉልኝ ይሻላል። ለራሴ ብዬ አይደለም፣ ለእርስዎ አስቤ ነው። ኮሪደሩ ላይ ወንበር ልደርድር ቢሉም አይድከሙ፤ ሽማግሌዎቼ አይቀመጡበትም።